ፊልሙ ይሰራል፣ ሰብታይትሉ ግን የለም፦ ችግሩና መፍትሄው

ሐዋሳ ላይ ፊልም በፍላሽ ጭኖ የሚሸጥ ሰው ከደንበኛ የሚሰማው ቅሬታ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሰብታይትሉ አይመጣም።» ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጀርባ ያሉት ምክንያቶች ግን ብዙ ናቸው፣ መፍትሄያቸውም ለየቅል ነው። ስለዚህ ሌላ ሰብታይትል ፍለጋ ዳታ ከማቃጠላችሁ በፊት ያላችሁን ፈትሹ። ፊልሙን ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ በሚባለው ነፃ ማጫወቻ ክፈቱና የኤስአርቲውን ፋይል (ሰብታይትሉ የተጻፈበትን ትንሽ ፋይል) በማውዝ ጎትታችሁ ፊልሙ ላይ ጣሉት። ከመጣ ፋይሉ ደህና ነው፣ ጣጣው ያለው ቲቪው ወይም ስልኩ ጋ ነው። እዚህም ካልመጣ የቲቪውን ሪሞት አስቀምጡት፣ ፋይሉን ነው ማየት ያለባችሁ።

ምንም ጽሑፍ አይታይም

ብዙ ጊዜ ሰብታይትሉ ከነጭራሹ ፍላሹ ላይ የለም። ቴሌግራም ላይ ቪዲዮው ለብቻው፣ ኤስአርቲው ደግሞ ለብቻው ይለቀቅና ሰው ትልቁን አውርዶ ከሥሩ ያለችውን ትንሿን ፋይል ያልፋታል። ሁለቱም ቢወርዱ እንኳ ፊልሙን እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ከከፈታችሁት ለብቻው የወረደው ሰብታይትል አይነሳም፤ በቪኤልሲ ወይም በኤምኤክስ ፕሌየር ክፈቱት። ዚፕ ሆኖ የወረደ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ይፈታ፣ ቲቪ ዚፕ መፍታት አያውቅም።

ፋይሉ ካለ ቀጥሎ የሚታየው ስሙ ነው። ቲቪ ሰብታይትልን ከፊልሙ ጋር የሚያገናኘው በስም ነው። ሁለቱ አንድ ፎልደር ውስጥ መሆን፣ ስማቸውም ከመጨረሻው ነጥብ በፊት ያለው በሙሉ ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። አንዷ ላይ ያለች ትርፍ ክፍት ቦታ ትበቃለች ለማበላሸት። ረጅሙን ስም ከማስተካከል ሁለቱንም ሪኔም አድርጋችሁ «01» ማለት ይቀላል። በአማርኛ የተጻፈ የፋይል ስም የማያነቡ ቲቪዎች ስላሉም ቁጥር ይሻላል።

እዚህ ላይ ዊንዶውስ የሚሰራት አንድ ተንኮል አለች። የፋይሉን የመጨረሻ መለያ ስለሚደብቅ፣ ኤስአርቲ ነው ያላችሁት ፋይል ከኋላው ሌላ «ቲኤክስቲ» ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «ቪው» ውስጥ ገብታችሁ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን አብሩትና ትርፉን አጥፉ።

ስሙም ልክ ሆኖ እምቢ ካለ ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱት። ጤነኛ ኤስአርቲ ተራ ጽሑፍ ነው፣ እንዲህ ይመስላል፦

12
00:03:41,500 --> 00:03:44,200
እስካሁን የት ነበርክ?

ተራ ቁጥር፣ የሚወጣበትና የሚጠፋበት ሰዓት፣ ንግግሩ፣ ከዚያ አንድ ባዶ መስመር። ከሰከንዱ በኋላ ያለችው ነጠላ ሰረዝ ናት፤ በነጥብ ከተጻፈች አንዳንድ ማጫወቻዎች አይቀበሏትም። ሰዓቱ ጠፍቶ የድረ ገጽ ኮድ ከተደረደረ ያወረዳችሁት ሰብታይትሉን ሳይሆን ገጹን ነው።

ኤምኬቪ በሚባለው የፋይል ዓይነት የተሰሩ ፊልሞች ላይ ሰብታይትሉ እዚያው ውስጡ ሊኖር ይችላል፤ ካለ ሌላ ፋይል አያስፈልግም፣ ሪሞቱ ላይ «ሰብታይትል» የሚለውን ተጫኑ። ቪኤልሲ ላይ የ«ቪ» ቁልፍ ናት። ቪኤልሲ አሳይቶ ቲቪው ካላሳየ ሰብታይትሉ በጽሑፍ ሳይሆን በምስል መልክ የገባ ሊሆን ይችላል፣ ከብሉሬይ በተቀዱ ፊልሞች ላይ ያጋጥማል። ያኔ ለፊልሙ የሚሆን ኤስአርቲ መፈለግ ነው።

ፊደሉ ተበላሽቶ ይመጣል

ይሄ በተለይ የአማርኛ ሰብታይትል ጣጣ ነው። በሲዳምኛ የተሰራ ሰብታይትል በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ማንኛውም ቲቪ ላይ ይወጣል፤ የእኛን ፊደል ግን ብዙ ቲቪዎች አያውቁትም። ምን እንደሚታያችሁ ልብ ብላችሁ እዩ፣ ምክንያቱ እዚያው ይታወቃል።

ባዶ ሳጥኖች ከተደረደሩ ፋይሉ ደህና ነው፣ የጎደለው የአማርኛ ፎንት ነው። ኮምፒውተር ላይ ቀላል ነው፦ ቪኤልሲ ውስጥ «ቱልስ»፣ «ፕሪፈረንስስ»፣ ከዚያ «ሰብታይትልስ» ገብታችሁ ፎንቱን ኢብሪማ ወይም ኒያላ አድርጉ። ፊልሙን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱት።

በየመሃሉ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» የምትመላለስበት ዝብርቅርቅ ከመጣ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 (አማርኛንም ጨምሮ የብዙ ቋንቋ ፊደል የሚይዝ የጽሑፍ ኮድ፣ ማለትም ኢንኮዲንግ) ሆኖ ማጫወቻው በሌላ ኮድ እያነበበው ነው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በሦስት ባይት ይቀመጣል፣ የመጀመሪያው ባይት ሁሌ ያው ስለሆነ ነው ያቺ «ኤ» የምትደጋገመው። እዚያው የቪኤልሲ ገጽ ላይ «ዲፎልት ኢንኮዲንግ» የሚለውን ዩቲኤፍ-8 ማድረግ ነው። ለቲቪ ከሆነ በኖትፓድ ከፍታችሁ «ሴቭ አዝ» ስትሉ ከታች ኢንኮዲንጉን «ዩቲኤፍ-8 ዊዝ ቦም» አድርጉትና ሞክሩ።

ጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ግን ፊደሎቹ ጠፍተዋል። አንድ ሰው ፋይሉን «አንሲ» በሚባለው የቆየ ኢንኮዲንግ ሴቭ አድርጎታል፣ አንሲ ደግሞ አማርኛ መያዝ ስለማይችል እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶታል። ይሄን የሚመልስ ፕሮግራም የለም፣ ዋናውን ከሰራው ሰው መጠየቅ ነው። ኖትፓድ ሳይጠየቅ ዩቲኤፍ-8 መጠቀም የጀመረው በ2019 (እ.ኤ.አ.) የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ነው፤ ከዚያ በፊት አንሲ ነበር። የኢንተርኔት ካፌ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ሰብታይትል የምታስተካክሉ ተማሪዎች ሴቭ ከማድረጋችሁ በፊት ኢንኮዲንግ የሚለውን ቦታ እዩ።

ቲቪው ሳጥን ብቻ የሚያሳይ ከሆነስ? ቲቪ ላይ ፎንት መጫን አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፣ እኔ በበኩሌ በሴቲንግ መታገሉን አልመክርም። ያለው መንገድ ጽሑፉን ከምስሉ ጋር ማጣበቅ ነው። ሃንድብሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ላይ ፊልሙን አስገቡ፣ «ሰብታይትልስ» ውስጥ ኤስአርቲውን ጨምሩ፣ ኮዱን ዩቲኤፍ-8 አድርጉና «በርን ኢን» ላይ ምልክት አድርጉ። ፊልሙን እንደ አዲስ ስለሚሰራው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሰዓታት ይፈጃል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ከዜሮ ትጀምራላችሁ፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቆርጣችሁ ሞክሩና ፊደሉ ከወጣ ሙሉውን ልቀቁት። አንዴ ከተጣበቀ አይነሳም፣ ዋናውን ፊልም አታጥፉ።

ይመጣል፣ ግን ከንግግሩ ጋር አይሄድም

ፊልሙ ሲጀምርና ሊያልቅ ሲል እዩት። ልዩነቱ ሁለቱም ቦታ እኩል ከሆነ ጽሑፉን ማንሸራተት ብቻ ይበቃዋል። ዊንዶውስ ላይ ባለው ቪኤልሲ ጽሑፉ ንግግሩን ከቀደመ «ኤች»ን፣ ወደኋላ ከቀረ «ጂ»ን ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ አንድ ጊዜ ሲጫኑት 50 ሚሊሰከንድ ያንሸራትታል።

መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ የሚራራቅ ከሆነ ግን ማንሸራተት አይፈታውም። ሰብታይትሉ ለሌላ የፍሬም ፍጥነት (በሰከንድ ለሚታዩ ምስሎች ብዛት) የተሰራ ነው ማለት ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ለሚሄድ ቅጂ የተሰራ ሰብታይትል 23.976 ላይ ሲገባ፣ ሁለት ሰዓት በሚፈጅ ፊልም መጨረሻ ላይ ልዩነቱ ወደ 5 ደቂቃ ይደርሳል። የቅጂውን ፍጥነት ቪኤልሲ ውስጥ «ቱልስ» ከዚያ «ኮዴክ ኢንፎርሜሽን» ላይ ታገኙታላችሁ። ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፋይሉን ከፍታችሁ «ቼንጅ ፍሬም ሬት» ላይ ከ25 ወደ 23.976 ቀይሩት፣ ከዚያ በዚያው በፊልሙ ስም ሴቭ አድርጋችሁ ፍላሹ ላይ ተኩት።