በካያክ ደሴት መዞር፦ ከጓደኞች ጋር የክሮኖ ውድድር እንዴት ይዘጋጃል?

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምትኖሩ ሰዎች ቴዎዶር ሩዝቬልት ደሴትን ሳታዩት አትቀሩም። ከጆርጅታውን ወደ ቨርጂኒያ በኪ ብሪጅ ስትሻገሩ፣ ፖቶማክ ወንዝ መሃል ላይ የሚታየው ጫካ እሱ ነው። ስፋቱ 36 ሄክታር ገደማ ነው። መኪና አይገባበትም። ከጆርጅታውን በካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ በምትሄድ ጠባብ ጀልባ፣ ተነስቶ ደሴቱን ዞሮ መመለስ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስፖርተኛ ላልሆነ ሰው እንኳ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ለወዳጅነት ውድድር በከተማው ውስጥ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

የምነግራችሁ ብስክሌተኞች ክሮኖ ስለሚሉት ዓይነት ውድድር ነው። ሁሉም በአንዴ አይነሳም። በየ2 ደቂቃው አንድ ሰው ይለቀቃል፤ ፉክክሩ ከሰዓት ጋር ነው። ለጓደኛሞች የሚመቸው ለዚህ ነው። መጋፋት የለም። ጎበዙም ጀማሪውም በአንድ ቀን አንድ ውሃ ላይ ይወዳደራሉ።

ደጋግመን ስናደርገው የተማርነው ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ ውሃው ለሁሉም እኩል ካልሆነ የተያዘው ሰዓት ምንም አይናገርም። የጓደኛሞች ጭቅጭቅ የሚነሳውም ከዚሁ ነው። ስለዚህ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እያለፍኩ እዚህ ጉዳይ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ጀልባና ጃኬት

ካያክ ኪ ብሪጅ ስር ካለው ማከራያ በሰዓት ይገኛል። ሁላችሁም አንድ ዓይነት ካያክ ተከራዩ። ረጅምና ቀጭን ካያክ ከአጭሩና ከሰፊው በጣም ይፈጥናል። የራሱን ፈጣን ካያክ ጭኖ የሚመጣ ጓደኛ ካለ ይምጣ፤ ግን ሰዓቱ ለብቻ ይመዝገብ። ለሁለት ሰው የሚሆነው ካያክም እንዲሁ ለብቻው ይቆጠር። ስትከራዩ ደሴቱን መዞር እንደምትፈልጉ ንገሯቸው። የት ድረስ መሄድ እንደሚፈቀድ የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

ላይፍ ጃኬት ይለበሳል፣ ይቆለፋል። ካያኩ ላይ አስቀምጦ መሄድ አይቆጠርም። ከእኛ መሃል ዋና ሳይለምድ ያደገ ሰው ብዙ ነው። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ግን ቀድሞ መነገር አለበት። ዋና የማይችል ሰው በሁለት ሰው ካያክ ልምድ ካለው ጋር ይሂድ። ለእያንዳንዱ ሰው ደግሞ ፊሽካ ስጡት። ወደ ሬገን ኤርፖርት የሚያርፉ አውሮፕላኖች ወንዙን ተከትለው በራሳችሁ ላይ ስለሚያልፉ፣ በዚያች ደቂቃ የሰው ጩኸት አይሰማም።

የሚያዝያ ፀሐይ አያታልላችሁ። አየሩ ሞቆ ውሃው ገና እንደ በረዶ የሚቀዘቅዝበት ወቅት ነው። ልብስ የሚመረጠው የውሃውን ሙቀት አይቶ ነው። እኔ ከግንቦት መጨረሻ በፊት ጀማሪ ይዤ አልወጣም።

መስመሩ

መነሻና መድረሻ አንድ ይሁን። ከኪ ብሪጅ የተሻለ መስመር የለም። በደሴቱ በኩል ያለው የድልድዩ ጠርዝ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። የካያኩ አፍንጫ ከጠርዙ ስር ሲወጣ ሰዓቱ ይጀምራል፤ ተመልሶ ሲገባ ይቆማል። ክርክር የለም።

ከዚያ ወንዙን ተከትላችሁ ቁልቁል ትሄዳላችሁ፣ ደሴቱን ሁልጊዜ በቀኝ እጃችሁ ይዛችሁ። በግራ በኩል የጆርጅታውን ዳርቻ፣ ዋተርጌት፣ ቀጥሎ ኬኔዲ ሴንተር ያልፋሉ። ሩዝቬልት ድልድይ ጋ ስትደርሱ ደቡባዊውን ጫፍ ትዞራላችሁ። በምዕራብ በኩል፣ በደሴቱና በቨርጂኒያ መሃል ባለው ጠባብ ውሃ ሽቅብ ትመለሳላችሁ። ሊትል ሪቨር ይባላል። የእግረኞቹን ድልድይ በስሩ አልፋችሁ ወደ ኪ ብሪጅ ትወጣላችሁ።

አንድ ነገር በግልፅ ተነጋገሩ። በደቡብ ጫፍ ሊትል አይላንድ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። በእሷና በትልቁ ደሴት መሃል ማለፍ መንገድ ያሳጥራል። ውሃው ሲጎድል ግን እዚያ ጋ ጭቃ ነው። ደንባችሁ «ትንሿም ደሴት ትዞራለች» ይሁን። ይህን ሳይነጋገሩ ከወጡ አንዱ በአቋራጭ ያልፋል፣ ሌላው ይዞራል፣ ከዚያ ውጤቱን ማወዳደር አይቻልም።

ሰዓቱን መምረጥ

ፖቶማክ እዚህ ጋ ወንዝ ብቻ አይደለም። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል እስከ ጆርጅታውን ድረስ ይሰማል፤ ታይድ የሚባለው ነው። በሙላትና በጉድለት መሃል የውሃው ከፍታ በ90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይለያያል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ውሃው አንዴ ወደ ታች ይፈጥናል፣ አንዴ ይቆማል፣ አንዴ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ብዙ ሰው «ወንዙ ስትሄድ ይረዳሃል፣ ስትመለስ ይጎዳሃል፣ ይጣጣል» ይላል። አይጣጣም። እስቲ አብረን እናስላ። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር የሚቀዝፍ ሰው 4 ኪሎ ሜትሩን በረጋ ውሃ በ40 ደቂቃ ይጨርሳል። ውሃው በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ቢሄድስ? ቁልቁል ያሉትን 2 ኪሎ ሜትሮች በሰዓት 8 እየሄደ በ15 ደቂቃ ይጨርሳቸዋል። ሽቅብ ያሉትን 2 ኪሎ ሜትሮች ግን በሰዓት 4 እየሄደ 30 ደቂቃ ይፈጁበታል። ድምሩ 45 ደቂቃ ነው። ያው ሰው፣ ያው ጉልበት፣ 5 ደቂቃ ዘገየ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ውሃው በሚጎዳችሁ በኩል የምትቆዩት ጊዜ ከሚረዳችሁ ይበልጣል።

እውነተኛው ወንዝ ከዚህ ስሌት ይለያል። ዋናው ውሃ በጆርጅታውን በኩል ጥልቅና ፈጣን ነው፤ ሊትል ሪቨር ደግሞ ዝግ ይላል። በፈጣኑ ወርዳችሁ በዝግተኛው እንድትመለሱ ደሴቱን በቀኝ ያዙ ያልኩትም ለዚህ ነው። ቢሆንም ጠዋት የቀዘፈና ከቀትር በኋላ የቀዘፈ ሰው ሊወዳደሩ አይችሉም።

መፍትሔው ሁሉንም ሰው በአንድ አጭር ጊዜ ውስጥ ማስነሳት ነው። ጊዜው ደግሞ ሙላቱ ላይ፣ ውሃው ከመመለሱ በፊት ቆም ሲል ይሁን። ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ፍሰቱ ይረጋል። ሁለተኛ፣ ሊትል ሪቨር ይሞላል። ያ ውሃ ሲጎድል በጣም ይሳሳል። ቀዘፋችሁን ስትሰዱ ጭቃ ይዞ ይወጣል። ታቹ ቅርብ ሲሆን ካያኩም የሚጎተት ይመስል ይከብዳል።

የሙላት ሰዓቱን የአሜሪካ የባሕርና የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት፣ ኖአ፣ በነፃ ያወጣል። «ዋሽንግተን» ብላችሁ የቀኑን ዝርዝር እዩ። ግን ዝርዝሩ የሚነግራችሁ ከፍታውን ነው። ውሃው መቼ እንደሚቆም አይነግራችሁም፤ ሁለቱ ሁልጊዜ በአንድ ደቂቃ አይገጥሙም። ስለዚህ በዓይናችሁ አረጋግጡ።

እኛ የምንጠቀመው የብርቱካን ልጣጭ ነው። ብርቱካናማው ቀለም ቡናማ ውሃ ላይ ከሩቅ ይታያል፣ ይንሳፈፋል፣ ቢጠፋም ጉዳት የለውም። ዳር ቆማችሁ ወደ ወንዙ ራቅ አድርጋችሁ ትጥሉታላችሁ። 1 ደቂቃ ትይዛላችሁ። አንዱ ጓደኛ ዳሩን ይዞ ልጣጩን እየተከተለ ይራመዳል፣ እርምጃውን ይቆጥራል። በደቂቃ 10 ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሄደ ጀምሩ። በዚያ ፍሰት ከላይ ያሰላንለት ቀዛፊ የሚያጣው ከግማሽ ደቂቃ በታች ነው። 30 ሜትር ከሄደ ግን 4 ደቂቃ ገደማ ያጣል፤ ጠብቁ። ዳር ዳሩ ሁልጊዜ ዝግ ስለሚል ልጣጩን እግራችሁ ስር አትጣሉት።

ከዚህ የተነሳ ቀጠሮ ይከበራል። የሐበሻ ቀጠሮ እዚህ አይሰራም። አንድ ሰው 40 ደቂቃ ካረፈደ የሚቀዝፈው ሌላ ውሃ ላይ ነው። መልእክት ስትልኩም «ጠዋት 1 ሰዓት» ነው ወይስ «በፈረንጅ 7» የሚለውን ጻፉ። ይህን ባለመጻፍ የቀረ ሰው አለን።

በላይኛው አገር ዝናብ ከጣለ ይህ ሁሉ ምክር አይሰራም። ወንዙ ሲሞላ ታይዱን ይውጠዋል፤ ግንድ ተሸክሞ ዝም ብሎ ቁልቁል ይነጉዳል። የዲሲ አሮጌ የፍሳሽ መስመር ደግሞ ከባድ ዝናብ ሲጥል ወደ ወንዙ ይገነፍላል። ከከባድ ዝናብ በኋላ ቢያንስ ሦስት ቀን ቆዩ። ከጆርጅታውን በላይ፣ ሊትል ፎልስ በሚባለው ቦታ ያለው የውሃ መለኪያ በኢንተርኔት ይታያል። ከፍ ብሎ ካያችሁት ቀኑን ቀይሩ።

ማስነሳትና ሰዓት መያዝ

ሰዓት ያዡ አንድ ሰው፣ ሰዓቱም አንድ ይሁን። ድልድዩ ጋ ዳር ላይ ይቁም። ሰዓቱን አንዴ ያስጀምረዋል፤ ከዚያ አይነካውም። የመጀመሪያው ሰው በ0፣ ሁለተኛው በ2 ደቂቃ፣ ሦስተኛው በ4 ይነሳል። ሲመለሱ ሰዓቱን ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ መነሻውን ይቀንሳል። ወረቀትና እርሳስ እመርጣለሁ። ስልክ ይርሳል፣ ባትሪ ይዘጋል፣ በስህተት ይነካል። ማስነሻው ደማቅ ጨርቅ ይሁን፣ በአውሮፕላኑ ጩኸት ምክንያት።

የእጅ ሰዓት ላይ ያለውን ጂፒኤስ ለትዝታ ያዙት። ለውጤት አልጠቀምበትም። አንዱ ከመስመሩ በፊት ያስጀምራል፣ ሌላው መድረሱን ሲያከብር ማቆም ይረሳል።

ቀስ ብሎ የሚሄደው ቀድሞ ይነሳ። ሁሉም ተቀራርበው ይደርሳሉ፣ ጀማሪም ብቻውን ወንዝ ላይ አይቀርም። ከመጨረሻው ሰው ኋላ ደግሞ ሰዓት የማይያዝለት አንድ ጎበዝ ቀዛፊ ይከተል።

ወንዙ ላይ

የጆርጅታውን ውሃ ጠዋት ጠዋት በቀዛፊ ቡድኖች ይሞላል። ስምንት ሰው የሚቀዝፋቸው ረጃጅም ጀልባዎች ናቸው። ቀዛፊዎቹ ጀርባቸውን ወደሚሄዱበት ሰጥተው ስለሚቀመጡ እናንተን አያዩም። ጀልባው ደግሞ በጣም ይፈጥናል። «ያዩኛል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ እናንተ ውጡላቸው፣ ሰዓታችሁ ቢበላም። የሞተር ጀልባ ማዕበል ሲመጣ አፍንጫችሁን ወደ ማዕበሉ አዙሩ። በጎን የተቀበለ ሰው ይገለበጣል።

የተገለበጠ ሰው ካያኩን ይዞ ይቆይ፣ ፊሽካ ይንፋ። ቅርብ ያለው ሰው ውድድሩን ትቶ ይቁም። ይህን ደንብ ከመነሳታችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ ከእሱም ጋር ሌላ ደንብ ጨምሩ፦ ለመርዳት የቆመ ሰው በሌላ ቀን እንደገና ይቀዝፋል፣ የዛሬው ሰዓቱ አይቆጠርበትም። ማንም ለሰዓቱ ብሎ ጓደኛውን እንዳያልፍ።

ስለ አቀዛዘፍ አንድ ነገር ብቻ። በክንድ ብቻ የሚስብ ሰው ደሴቱ ደቡብ ጫፍ ሳይደርስ ይደክማል። ወገባችሁን አዙሩ፣ እግራችሁን ካያኩ ላይ ግፉ፣ መቅዘፊያውን ከእግራችሁ አጠገብ ስደዱና ዳሌያችሁ ጋ ሲደርስ አውጡት። ሊትል ሪቨር ስትገቡ ከዳሩ ራቁ፣ መሃሉ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ለጥቂት ጓደኛሞች ነው። ሕዝብ ልትጠሩ፣ የመመዝገቢያ ገንዘብ ልትሰበስቡ ካሰባችሁ የአሜሪካን ኮስት ጋርድና የዲሲን የወንዝ ፖሊስ ከወራት በፊት ጠይቁ።

ባሕር ዳር ላላችሁ፣ በደብረ ማርያም ደሴት ዙሪያ ማድረግ ያምራችሁ ይሆናል። ጣና ላይ ታይድ የለም፤ የሚያስቸግረው ነፋሱ ነው። ማለዳ ረግቶ ከቀትር በኋላ ይነሳል፣ ስለዚህ በጠዋት ጨርሱ። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። የአካባቢውን ጀልባ ነጂ ወይም ባለታንኳ ሳትጠይቁና አጃቢ ሞተር ጀልባ ሳትይዙ አትውጡ።

አሸናፊው ማን ነው?

ሁለት ዝርዝር አውጡ። አንዱ በንፁህ ሰዓት ነው፤ እሱን ጎበዞቹ ይወስዱታል። ሁለተኛው፣ እኔ የምወደው፣ የግምት ነው። እያንዳንዱ ሰው ከመነሳቱ በፊት በስንት ደቂቃ እንደሚጨርስ ለሰዓት ያዡ ይናገራል። የእጅ ሰዓቱንና ስልኩን አስቀምጦ ይነሳል። ለግምቱ በጣም የቀረበው ያሸንፋል። እዚህ ላይ ጀማሪ እናት ጎረምሳ ልጇን ልታሸንፍ ትችላለች፣ ሁሉም እኩል ያጓጓል።

ውጤቱን ስትመዘግቡ ከስምና ከሰዓት ጎን ሦስት ነገር ጻፉ፦ ሙላቱ በስንት ሰዓት እንደነበር፣ የብርቱካን ልጣጩ በደቂቃ ስንት ሜትር እንደሄደ፣ ነፋሱ ከየት እንደመጣ። በሚቀጥለው ወር አንዱ ሰዓቱን በሁለት ደቂቃ ሲያሻሽል፣ ያሻሻለው እሱ ይሁን ወንዙ ከዚያ ወረቀት ይታያል።