የማንቲስ እንቁላል ቤት ውስጥ እንዴት ይፈለፈላል?

ማንቲስን ሳታዩት አልቀራችሁም። የፊት እግሮቹን እንደሚጸልይ ሰው አጥፎ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ጭንቅላቱን ወደ እናንተ አዙሮ የሚያፈጥ ቀጭን ነፍሳት ነው። ፌንጣ ቢመስልም የቅርብ ዘመዱ በረሮ ነው። እኔ እንቁላሉን ያገኘሁት አራት ኪሎ፣ ግቢያችን ውስጥ ካለች ጽጌረዳ ላይ ነው። ማስፈልፈሉ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ማብላቱ ነው። የጫጩቶቹ ምግብ ሙዝ ላይ የሚራባ ትንኝ ነው፤ ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከሙዝ ነው።

ልጣጩ የጠቆረ አንድ ሙዝ በባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ጨፍልቃችሁ፣ ሳትከድኑት ወጥ ቤት አስቀምጡት። በአንድ ሁለት ቀን ፍራፍሬ ላይ የምታንዣብበው ትንኝ ትገባበታለች። ያን ጊዜ አፉን በሻሽ ሸፍናችሁ በላስቲክ እሰሩት። እንቁላሏ ትል፣ ትሉም ትንኝ እስኪሆን ሞቅ ባለ ክፍል 10 ቀን ገደማ ይበቃል፤ በእኛ ከተማ ቅዝቃዜ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በየሳምንቱ አንድ አዲስ ጠርሙስ ጨምሩ። መጀመሪያ ላይ ይህን አላውቅም ነበር። ጫጩቶቹ ወጡ፣ የሚቀምሱት አጡ፣ በአራተኛው ቀን እርስ በርስ መበላላት ጀመሩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

እንቁላሉ ብቻውን አይገኝም። እናቲቱ በአረፋ ሸፍና ትጥለዋለች፤ አረፋው ሲደርቅ ቡናማ፣ ጠንካራ ቋት ይሆናል። ቅርንጫፍ፣ አጥር ወይም የድንጋይ ግንብ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ከቅርንጫፉ አትላጡት፤ ከነቅርንጫፉ ቁረጡት። ጎኑ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ክብ ቀዳዳዎች ካሉ ግን ተዉት፤ በውስጡ ያደጉ ጥቃቅን ተርቦች እንቁላሉን በልተው ወጥተዋል ማለት ነው።

ባለ 5 ሊትር የውኃ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጣችሁ ጣሉና ቅርንጫፉን ከላይ አንጠልጥሉት፤ አቅጣጫው ስታገኙት እንደነበረው ይሁን። ጫጩቶቹ ተንጠልጥለው ስለሚወጡ ከቋቱ በታች ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። የሚወጡበት ደረቅ ጭራሮ ጨምሩና አፉን በሻሽ ሸፍኑ። ክዳን አትክደኑበት፤ አየር ሲታፈን ይሻግታል።

ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ካገኘ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈለፈላል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ምግብ በሚበስልበት ክፍል ቁምሳጥን ላይ ብታስቀምጡት ይሻላል። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር ግን አይሆንም፤ ፕላስቲኩ ውስጥ ይቀቀላል። በየሁለት ሦስት ቀኑ የፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ትንሽ ውኃ እርጩ፤ ቋቱ ራሱ እንዳይበሰብስ። በዚያ ክፍል ፍሊት መንፋት ፈጽሞ አይቻልም።

መፈልፈሉ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ነው። ቋቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሚከፍለው መስመር ቢጫ፣ እግር ያለው የማይመስል ነገር ብቅ ይላል፤ ሁለት ጥቁር ዓይኖቹ ብቻ ይታያሉ። በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ይወራጫል፣ ከዚያ የመጀመሪያ ቆዳውን ይገፍና እግሮቹን ይዘረጋል። ደርዘኖች ተደራርበው ሲወርዱ የዶቃ ጥልፍ ይመስላሉ። እንደ ዝርያው ከአንድ ቋት ከጥቂት ደርዘን እስከ 200 እና ከዚያ በላይ ሊወጡ ይችላሉ። ለስላሳ ስለሆኑ በዚያን ቀን አትንኳቸው። እንደ አንበጣ ኩብኩባ ክንፍ የላቸውም፤ በሌላው ግን ትንሽ ማንቲስ ናቸው።

በማግስቱ ከሙዙ ጠርሙስ ትንኞቹን አራግፉላቸው። ሁለት ሦስቱን ለማሳደግ ካሰባችሁ እያንዳንዱን ለብቻው በብርጭቆ አድርጉ፤ አብረው ካደሩ አንዱ ሌላውን ይበላል። የብርጭቆው ቁመት ከጫጩቱ ርዝመት ቢያንስ ሦስት እጥፍ፣ ክዳኑም ሻሽ ይሁን፤ ቆዳውን የሚቀይረው ጣሪያውን ጨብጦ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ስለሆነ ከወደቀ ይጣመማል ወይም ይሞታል።

የቀሩትን ፀሐይ ሳይከርር ወደ ግቢው መልሷቸው። አንድ ቁጥቋጦ ላይ አታፍስሷቸው፤ ጥቂቱን ጤና አዳም ላይ፣ ጥቂቱን አጥሩ ላይ፣ ጥቂቱን ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) የወረረው ጽጌረዳ ላይ በትኗቸው። የንብ ቀፎ ያለበት ግቢ ከሆነ ግን ራቅ አድርጓቸው፤ ሲያድጉ ንብንም ይይዛሉ።