ውሉን ከመፈረምዎ በፊት፦ ደራሲያን ከአሳታሚ ጋር ሲዋዋሉ የሚሠሯቸው ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ1812 እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጄን ኦስተን የአንድ ልቦለዷን የቅጂ መብት ለአሳታሚ በ110 ፓውንድ ሸጠች። የፈለገችው 150 ነበር። መጽሐፉ በማግስቱ ዓመት ወጣ፤ ዓመቱ ሳያልቅም ሁለተኛ እትም ታተመ። ከዚያ ወዲያ የመጣው ትርፍ ግን ሁሉ የአሳታሚው ሆነ። መብቱን አንዴ ሸጣዋለችና የምትጠይቀው ነገር አልነበራትም። ዛሬም ብዙ ደራሲ ይህንኑ ስህተት ይደግማል።

ፈቃድ መስጠትን ከመሸጥ አለመለየት። ቤቱን የሚያከራይና ቤቱን የሚሸጥ ሰው አንድ ዓይነት ወረቀት አይፈርሙም። «ማናቸውንም መብት፣ በማናቸውም ቋንቋና መልክ፣ ለዘለቄታው አስተላልፌአለሁ» የሚል አንቀጽ ካዩ ቤቱ እየተሸጠ ነው። አሳታሚው የሚፈልገው በወረቀት ማተም ከሆነ ፈቃዱም ለዚያው ይሁን፦ በየትኛው ቋንቋ፣ በየትኛው አገር፣ ለስንት ዓመት ወይም ለስንት ቅጂ። ትርጉም፣ የድምፅ መጽሐፍ፣ የኤሌክትሮኒክ እትም፣ ፊልም፣ ድርሰቱን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ ማዋል፣ እያንዳንዱ ለብቻው የሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ ለብቻው ዋጋ አለው። «በዚህ ውል በግልጽ ያልተሰጠ መብት ሁሉ የደራሲው ነው» የምትል አንዲት መስመር ማስገባት ብዙ ነገር ታድናለች።

«የቅጂ መብቱ ጸንቶ እስከቆየ ድረስ» የሚለውንም አቅልለው አይለፉት። የቅጂ መብትን የሚመለከተው ዓለም አቀፉ የበርን ስምምነት በጠቅላላው የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ የጥበቃ ዘመን ደራሲው በሕይወት ያለበት ጊዜና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። እንዲህ ያለ ውል ሲፈርሙ ለልጅ ልጆችዎም ጭምር እየፈረሙ ነው። መብቱ የሚወለደው ድርሰቱ ሲጻፍ ነውና አሳታሚው አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ስላወጣለት ብቻ የእሱ አይሆንም።

መቶኛውን አይቶ «ከምን ላይ?» ብሎ አለመጠየቅ። ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚፈስበት ቀዳዳ ይህ ነው። የሽፋን ዋጋው 400 የሆነ መጽሐፍ እንውሰድ፤ ውሉም «10 በመቶ» ይላል። ከሽፋን ዋጋ ከታሰበ ከእያንዳንዱ ቅጂ 40 ይደርስዎታል። አሳታሚው ለአከፋፋይ በግማሽ ዋጋ ካስረከበና ውሉ «አሳታሚው ከተቀበለው ገንዘብ» ካለ 20 ይሆናል። «ከተጣራ ትርፍ» ካለ ደግሞ ከ200ው ላይ የኅትመት፣ የማጓጓዣና የማስታወቂያ ወጪ ይነሣል፤ ወጪው 120 ነው ከተባለ ለእርስዎ የሚቀረው 8 ነው። በሦስቱም ውሎች ላይ የተጻፈው ያው 10 በመቶ ነው!

ከተቀበለው ገንዘብ ማሰብ በራሱ ክፋት የለውም፤ በተለይ ለኤሌክትሮኒክ እትም የተለመደ ነው። መቶኛው ግን በዚያው ልክ ከፍ ማለት አለበት። «ከተጣራ ትርፍ» የሚለውን ግን አይቀበሉ። የወጪውን ዝርዝር የሚጽፈው አሳታሚው ብቻ ነው፤ እርስዎ በቦታው የሉም። ቅድመ ክፍያ ካለም መጽሐፉ ባይሸጥ እንደማይመለስ፣ ከሌላ መጽሐፍዎ ገቢ ላይም እንደማይቆረጥ ይጻፍ።

ሒሳቡን የሚያዩበት መንገድ አለማስቀመጥ። ጥሩ መቶኛ ያለው፣ ነገር ግን ስንት ቅጂ እንደታተመ የማይናገር ውል ባዶ ነው። መግለጫው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ይምጣ፤ የታተመውን፣ የተሸጠውን፣ በነጻ የተሰጠውንና ከመደብር የተመለሰውን ለየብቻ ያሳይ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የቅጂ መብት መመሪያ ደራሲያን ስለ ሥራቸው አጠቃቀምና ገቢ ቢያንስ በዓመት አንዴ መረጃ እንዲያገኙ ደንግጓል። ስለዚህ ይህን መጠየቅ ማስቸገር አይደለም። የሒሳብ ባለሙያ ልከው መዝገቡን የማስመርመር መብትም ይጨምሩ። በብዙ ውሎች ላይ የክፍያው ጉድለት ከ5 በመቶ በላይ ሆኖ ከተገኘ የምርመራውን ወጪ አሳታሚው ይሸፍናል።

መውጫ በር የሌለው ውል። ድሮ «መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ መብቱ ለደራሲው ይመለሳል» ማለት ይበቃ ነበር። አሁን ግን የኤሌክትሮኒክ ቅጂ በአንድ ድረ ገጽ ላይ ተቀምጦ እስካለ ድረስ መጽሐፉ መቼም «አልጠፋም»። ማንም አይገዛው፣ አሳታሚው አያስተዋውቀው፣ እርስዎም ሌላ ጋ መውሰድ አይችሉ። ስለዚህ በቁጥር ይወስኑት፦ በተከታታይ 12 ወራት ከ100 ቅጂ በታች ከተሸጠ፣ ክፍያ ከ90 ቀን በላይ ከዘገየ፣ ወይም ረቂቁ ከተረከቡት በ18 ወር ውስጥ ካልታተመ፣ በጽሑፍ ማስታወቂያ መብቱ ይመለስልኝ። ቁጥሩን እንደ መጽሐፉ ዓይነት ይደራደሩበት፤ ቁጥር ሳይኖር ግን አይፈርሙ።

«ቀጣዩን መጽሐፍ በዚሁ ውል ለእኛ ያቀርባል» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ቅድሚያ ማሳየቱ ይሁን፤ ዋጋው ግን እንደ አዲስ ይነጋገሩበት።

የቃል ተስፋን ማመን። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እኔም እያወቅኩት ተጎዳሁ። አርታኢዬ በሁለተኛው እትም ድርሻዬ ከፍ እንደሚል በስልክ ነገረኝ። ቅን ሰው ነበር፤ የዋሸኝም አይመስለኝም። ሁለተኛው እትም ሲወጣ ግን እሱ ሥራ ለቅቋል፤ የተተካው ሰው ደግሞ «ወረቀቱን ያሳዩኝ» አለኝ። የማሳየው አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ከማንኛውም የስልክ ንግግር በኋላ «ዛሬ እንደተነጋገርነው…» ብዬ አጭር ኢሜይል እልካለሁ።

«ውላችን ለሁሉም አንድ ነው» ሲባል ዝም ማለት። የተላከልዎ ረቂቅ ነው፣ ሐሳብ ነው። ያልወደዱትን አንቀጽ ያስምሩበትና በምትኩ የሚፈልጉትን ቃል ራስዎ ጽፈው ይላኩ፤ «ይህ አልተስማማኝም» ከማለት ይልቅ የተዘጋጀ አማራጭ በቶሎ መልስ ያገኛል። ቢያንስ አንድ ሳምንት ጊዜ ይጠይቁ፤ ውል የሚያውቅ ጠበቃም ያሳዩት። የተስማማችሁበት ለውጥ በውሉ ውስጥ መግባቱን ገጽ በገጽ ያረጋግጡ፤ ሁለታችሁም የፈረማችሁበትን ቅጂ ሳይዙ የመጽሐፉን ረቂቅ አያስረክቡ።