ፈረሱ ወደ ጂ5 ሲዘል፦ በጥቁር መክፈቻውን እንዴት እንደሚተርፉ

ጣና ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ቼዝ የሚጫወት ሰው ሁለት ባላጋራ አለው፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰውና ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ። ወታደሮችን እየጣለ ለሚያስቸግረው ነፋስ መላ የለኝም። ለሰውየው ግን አለኝ፤ የተማርኩትም እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ ውድድር ተሸንፌ ነው።

መክፈቻው የጣሊያን ይባላል። የሜዳው ቤቶች በፊደልና በቁጥር ይጠራሉ፤ ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ይነግራል። ነጭ ወታደሩን ወደ ኢ4 ሲገፋ በኢ5 ይመልሱ። ፈረሱን ኤፍ3 ላይ ሲያወጣ የእርስዎን ሲ6 ላይ ያውጡ። ጳጳሱ በሰያፍ ሲ4 ሲደርስ ሁለተኛውን ፈረስ ኤፍ6 ላይ ያስቀምጡ።

አሁን የነጭ ፈረስ ወደ ጂ5 ይዘላል። ከጳጳሱ ጋር ተባብሮ ኤፍ7ን ያነጣጥራል፤ እዚያ ያለውን ወታደር ደግሞ ከንጉሡ በቀር የሚጠብቀው የለም። የጳጳሱን መንገድ ለመዝጋት ወታደር ወደ ዲ5 ይግፉ። ነጭ ይበላዋል።

እዚህ ላይ እጅዎን ይሰብስቡ፤ በውድድር የነኩትን መጫወት ግዴታ ነው። በፈረስ መልሶ መብላት ያጓጓል። እኔም በላሁ። ነጭ ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ሠዋ፤ በንጉሤ በላሁት። ንግሥቲቱ ኤፍ3 ላይ ወጥታ ንጉሤን በማስፈራራት ቼክ አለችኝ፤ ዲ5 ላይ ያለውንም ፈረሴን አብራ አስፈራራች። እሱን ላለማጣት ንጉሤን ወደ ኢ6፣ ወደ ሜዳው መሀል አወጣሁት። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ብቻ ነበር። ይህ ጥቃት «የተጠበሰ ጉበት» ይባላል፤ ጣሊያናዊው ጁሊዮ ፖሌሪዮ ከ400 ዓመት በፊት ተጫውቶታል። ሰውየው የጣና ልጅ ቢሆን ኖሮ ዓሣ ጥብስ ባለው ነበር።

ስለዚህ ወታደሩን ይተዉትና የሲ6ን ፈረስ ወደ ኤ5 ይውሰዱ። ዳር የቆመ ፈረስ ደካማ ነው ይባላል፤ ይህኛው ግን ጳጳሱን ያባርራል። ጳጳሱ ቢ5 ላይ ቼክ ካለ ወታደር ወደ ሲ6 ገፍተው ይጋርዱ፤ የነጭ ወታደር ሲበላው በቢ7 ወታደር መልሰው ይብሉ።

አንድ ወታደር ጎድሎብዎታል፤ አይደንግጡ። በጥንቱ የኢትዮጵያ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ የመጀመሪያው መብላት እስኪደርስ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቅ ይንቀሳቀስ ነበር። በቼዝ ግን ተራ ዋጋ አለው፤ ነጭም ተራውን በሽሽት ይጨርሳል። ጳጳሱ ወደ ኢ2 ሲመለስ ወታደር ወደ ኤች6 ገፍተው ፈረሱን ያስነሡ። ኤፍ3 ላይ ሲያርፍ የኢ5ን ወታደር ወደ ኢ4 ገፍተው ይድገሙት። ወደ ኢ5 ሲሸሽ ጳጳስዎን ዲ6 ላይ አውጥተው እንደገና ያስጨንቁት።