አይናፋር ልጅ «አትፍራ» ስለተባለ አይናገርም፦ ለድሬ ልጆች የሚሆኑ የድራማ ጨዋታዎች

«ጮክ በይ!» «ቀና በል እንጂ!» «ምን ያስፈራሻል?» ልጅ ሰው ፊት እንዲናገር ስንፈልግ የምንለው ይህንኑ ነው። አይሠራም። «አትፍሪ» የተባለች ልጅ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የምታስበው ስለ ፍርሃቷ ነው። ይልቅ ሥራ ስጧት። ቲማቲም እየሸጠች፣ የጠፋች ፍየል እያፈላለገች፣ ባጃጅ እያስቆመች ከሆነ ሰው እያያት መሆኑን ትረሳዋለች። አፏም የሚፈታው ያኔ ነው።

ደግሞ ልጆቻችን ለድራማ ባዳ አይደሉም። ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ አዳምጣችሁ ታውቃላችሁ? እናት ሆና «አሁን ነው የሚመጣው? ወጡ እኮ ቀዘቀዘ!» እያለች «ባሏን» የምታፋጥጠው ልጅ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምትደበቀው ያችው ልጅ ናት። ድምፁም ቃሉም አላት። የእናንተ ሥራ ያንን ጨዋታ ትንሽ ሰፋ አድርጎ ሰው ወዳለበት ማምጣት ነው።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ጥላ ያለው ግቢ፣ ከ8 እስከ 12 ልጅ፣ አንድ ሽርጥ፣ አንድ ሻሽ፣ ባዶ ጀሪካን፣ ዘንቢል። በቃ። ልጁ ከዚያ ከበዛ ተራ ጠባቂው ይበዛና ግማሹ ብይ መጫወት ይጀምራል። ሰዓቱን ግን አስቡበት። የድሬን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ልጅ ሰብስባችሁ «ዝለሉ» ብትሉ ትርፉ ራስ ምታት ነው። መድረሳ ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት የሚሄዱ ካሉ ደግሞ ቀኑን ከወላጆቻቸው ጋር ተነጋገሩ። (በነገራችን ላይ እነዚህ ልጆች ሳይታወቃቸው ግማሹን መንገድ ሄደዋል። ድምፅ ማውጣትም በቃል መያዝም ለምደዋል። የሚቀራቸው የራሳቸውን ቃል መናገር ነው።) ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ከፍ ላሉት እስከ አንድ ሰዓት መሄድ ትችላላችሁ።

ሁለት ሕግ አውጡ፤ ከሁለት አይብለጥ። አንደኛው፣ በቀልዱ ይሳቃል፣ በልጁ አይሳቅም። ሁለተኛው፣ ማንም ተራው ሲደርስ «ይለፈኝ» ማለት ይችላል፣ ለምን ተብሎም አይጠየቅም። ብዙ አዋቂ ይህን ሁለተኛውን አይወደውም፤ «እንዲህማ ከሆነ ዝምተኛው መቼ ሊናገር ነው?» ይላል። ታገሱ። ማለፍ እንደሚችል ያወቀ ልጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ያሳልፍና ራሱ መጥቶ «የኔ ተራ መቼ ነው?» ይላችኋል።

በድምፅ ጀምሩ። እኔ «ዴቻቱ ማዶ» የምለውን ጨዋታ ሞክሩት። ልጆቹን ለሁለት ክፈሉና ግማሹን በአንዱ ግድግዳ፣ ግማሹን በሌላው በኩል አቁሙ። መሃል ያለው ባዶ ቦታ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ፣ ዴቻቱ ነው። አንዱ ወገን የከዚራ ሰፈር፣ ሌላው የመጋላ። ድልድዩ ተዘግቷል፣ መልእክቱ ግን መድረስ አለበት፦ «እናትህ ቁልፉን ከጎረቤት ውሰድ ብላሃለች!» ማዶ ያለው የሰማውን ቃል በቃል ይመልሳል። ካልሰማ «አልደረሰኝም!» ይላል። (ጎርፍ መጣ አትበሉ። የ1998ቱን የማይረሳ ቤተሰብ ብዙ ነው፣ ልጆቹም ከቤት ሰምተውታል።) እዚህ ጨዋታ ላይ ጮክ በል የሚል የለም። ልጁ ድምፁን የሚያወጣው ማዶ የሚጠብቀው ሰው ስላለ ነው።

መጀመሪያ ሁሉም የሚጮኸው ከጉሮሮው ነው፣ ድምፁም ቶሎ ይሻክራል። እጃቸውን ሆዳቸው ላይ ያድርጉና አየር ሲስቡ ሆዳቸው ወደ ውጭ ሲገፋ ይሰማቸው። ቃሉንም ረጋ ብለው ይበሉት። ሰው ሩቅ ሲሆን ችኮላ ቃል ይበላል። ከዚያ ሁለቱን ወገን እርምጃ በእርምጃ አቀራርቡ። አፍንጫ ለአፍንጫ ሲሆኑ ያንኑ መልእክት በሹክሹክታ ይንገሩ። ትንንሾቹ በጣም የሚወዱት ይህችን ነው።

ቀጥሎ ቋንቋ። ድሬ ላይ አንድ ሰፈር ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪኛ ይነገራል። ብዙ ልጅ ወሬውን በአንዱ ጀምሮ በሌላው ይጨርሳል። ታዲያ ክፍል ውስጥ በአንዱ ብቻ ተናገር ሲባል ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ልጅ ነው፣ እኛ ግን ዓይን አፋር እንለዋለን። ለእሱ የሚሆን ጨዋታ አለ። ቫዮላ ስፖሊን የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ቺካጎ ውስጥ ከስደተኛ ቤተሰቦች ልጆች ጋር ድራማ ትሠራ ነበር፤ በቃል የሚጠና ጽሑፍ ከመስጠት ይልቅ ጨዋታ ሰጠቻቸው፣ ዛሬም የትወና ተማሪዎች የሚሟሟቁባቸው ብዙዎቹ ጨዋታዎች ከእሷ የመጡ ናቸው። አንዱ የሌለ ቋንቋ መናገር ነው። ሁለት ልጆች ሻጭና ገዢ ሆነው «ዚምቦ ላካ?» «ኧረ ዞምቦ!» እያሉ ይከራከራሉ። ማንም ቃል አይሳሳትም፣ ማንም ቅላፄው አይነቀፍም። የቀረው ፊት፣ እጅና ድምፅ ብቻ ነው። ተመልካቹ ምን እንደተባባሉ ይገምታል። ከዚያ ያንኑ ትዕይንት በፈለጉት ቋንቋ ይድገሙት። «ወሪያ»ም ይግባ፣ «አቦ»ም ይግባ። መሃል ላይ አታርሙ። እርማት ከገባ ጨዋታው አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ትዕይንቱ። ልጆች «በሉ ድራማ ሥሩ» ሲባሉ ወይ ይደባደባሉ ወይ ቆመው ይሳሳቃሉ። ሦስት ነገር ስላልተነገራቸው ነው፦ ማን ነኝ፣ የት ነኝ፣ ምን ፈልጌ መጣሁ። ሦስተኛው ላይ ችግር ጨምሩበት። «ቀፊራ ገበያ ሄደሽ ቲማቲም ግዢ» ካላችሁ በሁለት ቃል ያልቃል። «እናትሽ የሰጠችሽ ብር ለአንድ ኪሎ አይበቃም፣ ባዶ እጅሽን ከተመለስሽ ወጥ የለም፣ ሻጯ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ገበያ አጥታ ተናዳለች» በሏት። የሚመጣው እንዲህ ያለ ነው፦

«ስንት ነው ኪሎው?»
«ሰማንያ።»
«ስድሳ አርጊልኝ።»
«ሂጂ ወዲያ!»

እዚህ ጋ ልጅቷ ትቆማለች። ወደ እናንተ ታያለች። አትርዷት። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ የሆነ ነገር ይመጣላታል።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ ፈርጧል። እስከ ማታ ማን ይወስድልሻል? ለኔ ስጪኝ፣ ነገም ካንቺ ነው የምገዛው።»
«እሺ ውሰጂ። መርቂልኝ እንዳትዪ ብቻ!»
«አንዲት እንኳ መርቂልኝ!»

ያቺ ልጅ አሁን ጠየቀች፣ እምቢ ተባለች፣ አልሸሸችም፣ ምክንያት አቀረበች፣ ተስማማች፣ ደግሞ ጨመረች። ንግግር ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ቦታ አቀያይሯቸው። አንድ ምክር፦ በጣም ዝምተኛውን ልጅ መጀመሪያ ሻጭ አድርጉት። ሻጭ ዕቃው ኋላ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ሰው ነው የሚመጣለት። ገዢ ግን መጥቶ መጀመር አለበት፣ እሱ ይከብዳል። ገበያው ሲሰለች ጤና ጣቢያ አድርጉት፦ «የት ጋ ነው የሚያምህ? ከመቼ ጀምሮ?» ይኼኛው በእውነት ሲታመሙም ይጠቅማቸዋል።

ከ9 ዓመት በላይ ላሉት የብራዚሉ አውጉስቶ ቦአል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስፋፋው ፎረም ቲያትር ግሩም ነው። ልጆቹ በደል ያለበት አጭር ትዕይንት ያሳያሉ። ለምሳሌ ባለሱቁ አሥር ብር ያጎድላል፣ ልጁ ዝም ብሎ ይወጣል፣ ቤት ሲደርስ ይቆጡታል። ትዕይንቱ እንደገና ይጀመራል። አሁን ከተመልካቹ ማንም «ቁም!» ብሎ የልጁን ቦታ ይይዝና የራሱን መላ ይሞክራል። የሚተካው የተበደለው ነው እንጂ ባለሱቁ አይደለም፤ ባለሱቁን ደግ አድርጎ መገላገል አይፈቀድም። አንዱ ይጮኻል፣ ባለሱቁም ይብሳል። ሌላዋ «ጋሼ፣ አሥር ብር ይቀረኛል፣ አብረን እንቁጠረው?» ትላለች። ጨዋ ልጅ ማለት ዝም የሚል ልጅ ለሚመስለን ለእኛ ለወላጆችም ትምህርት አለው። አንገትን ደፍቶም፣ አክብሮም፣ የቀረን ብር መጠየቅ ይቻላል።

እናንተም ዳር ቆማችሁ አታጨብጭቡ፣ ግቡበት። እንግሊዛዊቷ መምህርት ዶሮቲ ሂዝኮት የምትታወቀው በዚህ ነው፦ አስተማሪው ገጸ ባሕርይ ሆኖ ይገባል፣ ነገሩን የሚያውቁት ልጆቹ ይሆናሉ። ሻንጣ አንጠልጥላችሁ አሁን ከባቡር የወረደ እንግዳ ሁኑ። ድሬ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ እንግዳ መቀበል የቆየ ሥራዋ ነው። «ከዚራ የሚባለው ገበያው ነው አይደል?» በሉ፣ አውቃችሁ ተሳሳቱ። ሁሉም በአንድ ጊዜ «አይደለም!» ይላሉ። «አልገባኝም፣ አንድ ሰው ያስረዳኝ» በሉና ዝምተኛውን እዩት። አዋቂን ማረም ደስ የማይለው ልጅ የለም። መንገድ ሲያመላክት «ቀጥ በል፣ ከዛ ታጠፍ» ካለ ደግሞ በተናገረው ልክ ሄዳችሁ ግድግዳ ጋር ተጋጩ። ሌላ ጊዜ «በስተቀኝ» ማለትን አይረሳም።

በቃል የሚያዝ ነገር የግድ ካስፈለጋችሁ ተረት ይበቃል። የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት እንኳ፣ በልጅነታቸው ሐረር የኖሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት፣ በእንስሳት ተረት ላይ የቆመ ነው። አያ ጅቦ የሚለውን ሁሉም በአንድ ድምፅ ይበለው። ይህ በተለይ ለሚንተባተብ ልጅ ይበጃል፤ ብዙ የሚንተባተቡ ሰዎች ከሌላው ጋር አብረው ሲናገሩ አንደበታቸው ይቀላል። ብቻውን ሲናገር ግን ቃሉን አትጨርሱለት፣ «ቀስ በል»ም አትበሉት። ዓይኑን እያያችሁ ጠብቁት። ቤት እያወራ ከቤት ውጭ ለወራት ምንም ቃል የማይወጣው ልጅ ካለ ግን ጨዋታ ብቻ አይበቃውም፣ ባለሙያ ይየው።

ሲያበቃ «ጎበዝ!» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ያያችሁትን ንገሯት፦ «ሂጂ ስትልሽ አልሄድሽም፣ ቆመሽ አሰብሽ።» ይሄ ነው የሚቀርላት። ሰነፍ፣ ሌባ፣ ሰካራም የሚባለውን ቦታ ሁልጊዜ ለአንድ ልጅ አትስጡ፤ ስሙ ሰፈር ድረስ ይከተለዋል።

ወላጆች እንዲያዩ ከፈለጋችሁ አንድ ሁለት ወር ይቆይ። መድረክ አትሥሩ። ምንጣፍ አንጥፋችሁ ወላጆቹን ክብ አስቀምጡ፣ ልጆቹ መሃል ይጫወቱ፣ ባለሱቁ ጋ ሲደርስ ወላጆችም «ቁም!» እያሉ ይግቡ። ስልክ አውጥቶ ሊቀርጽ የፈለገ ካለ መጀመሪያ ልጆቹን ይጠይቅ።