ቾክ ሲመለስ የሚጠፋ አሮጌ ሞተር ሳይክል፦ መፍትሔው ታንኩ ውስጥ ነበር

አሮጌዋን ሆንዳ ሲጂ 125 ቤቴ ፈትቼ እንደ አዲስ ገጥሜያታለሁ። ወንበሯን አሳጥሬ መሪዋን ዝቅ አድርጌያለሁ፣ አሁን በጣም ታምራለች። ግን ቾክ (ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሳት አየር የሚቀንሰው መሳቢያ) ተስቦ ትነሳና ቾኩን ስመልሰው ሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጣት በዝግታ መሥራት) ሳትይዝ ቀጥ ትላለች። ጋዝ ስሰጣት ትሠራለች፣ ስለቀው ትጠፋለች።

ካንዴላው እሳት እየሰጠ፣ ሞተሩ በጋዝ እየሠራ ሚኒሞ እምቢ ካለ፣ ብዙ ጊዜ የተደፈነችው ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ውስጥ ያለችው ትንሿ የቤንዚን ቀዳዳ ናት። ካርቡሬተሩን ስከፍተው ሥሩ ላይ ቀይ ዱቄት ተኝቷል። ዝገት ነው፣ ከታንኩ የወረደ። ስለዚህ ካርቡሬተሩን ብቻ ማጠብ ዋጋ የለውም፣ ነገ ተመልሶ ይደፈናል።

ታንኩን አውርጄ የቤንዚን መዝጊያውን ፈታሁና ቀዳዳውን ደፈንኩ፤ ከዚያ አቼቶ ሞልቼ አሳደርኩት። ጠዋት እፍኝ ዳዶ ጨምሬ አጥብቄ ናጥኩት። የቡና አተላ የመሰለ ነገር ወጣ! (ዳዶዎቹን ቆጥራችሁ አስገቡ፣ ቆጥራችሁ አውጡ።) ቀጥሎ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ማጠብ፣ ወዲያው ማድረቅ፣ ከዚያም ውስጡን ትንሽ የሞተር ዘይት ማዳረስ ግድ ነው፤ እርጥብ ብረት ወዲያው መልሶ ይዝጋል።

ትንሿን ቀዳዳ ከኤሌክትሪክ ገመድ በመዘዝኳት ቀጭን የመዳብ ክር ጠርጌ በአየር ነፋሁ። መርፌ አትጠቀሙ፣ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ከታንኩ በታች የቤንዚን ፊልትሮ ጨመርኩ። አሁን ያለ ቾክ ሚኒሞዋን ይዛ ትቆማለች። ታንክ ቀለም የምትቀቡ ከሆነ ይህን ሁሉ አስቀድማችሁ ጨርሱ፣ አቼቶ ቀለም ያበላሻል።