ነጭ ነጥቡ እድፍ አይደለም፦ የበረኪናና የማይለቅ እድፍ ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ውስጥ ከጥር 10 በፊት ያለው ሳምንት የጽዳት ሳምንት ነው። ለከተራና ለጥምቀት እንግዳ ይመጣል። ቤቱ ከግድግዳ እስከ ወለል ይታጠባል፤ በረኪናውም ያለ ልክ ይፈስሳል። አንድ ዓመት በዚሁ ጥድፊያ የእናቴን ቡኒ ሶፋ አበላሸሁ። ወለል የጠረግሁበትን ጨርቅ ለአንድ አፍታ የሶፋው ክንድ ላይ ጣል አደረግሁት። በማግስቱ ብርቱካንማ ነጥብ ወጣ። ሦስት ጊዜ በሳሙና አሸሁት፤ አልለቀቀም። ለካ የሚለቅ ነገር የለም። ቀለሙ ራሱ ሄዷል።

ብዙ ቤት ውስጥ የማየው ስህተት ይኸው ነው። ነጥቡ ምን እንደሆነ ሳናውቅ እናሸዋለን። ስለዚህ ከማሸት በፊት ምልክቱን እንመርምር።

መጀመሪያ የውሃ ሙከራ

ነጭ ምልክት ስታዩ እርጥብ ጨርቅ አስነኩት። ሲረጥብ ጠፍቶ ሲደርቅ ከተመለሰ፣ ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ የቀረ ነገር ነው። በረኪና ሲደርቅ ጨው ትቶ ይሄዳል። ሳሙናም እንዲሁ። በንጹህ ውሃ ሁለት ሦስቴ አጥባችሁ በደረቅ ጨርቅ አድርቁት፤ ይበቃዋል። እየረጠበም ዙሪያውን ካልመሰለ ግን ቀለሙ ተበልቷል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ፣ በረኪናውን ከመክፈታችሁ በፊት ለማለቅለቂያ የሚበቃ ውሃ በጀሪካን አስቀምጡ። በደንብ ያልተለቀለቀ በረኪና ጉዳት ያመጣል።

ሶፋ ወይም ምንጣፍ ላይ ነጭ ወይም ብርቱካንማ ነጥብ

ምክንያቱ፦ በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የጨርቁን ቀለም ሰብሮታል። እርጥበቱ እስካለ ድረስ መብላቱን አያቆምም።

አሁን የፈሰሰ ከሆነ ሳታሹ በቀዝቃዛ ውሃ እያረጠባችሁ በንጹህ ጨርቅ ምጠጡት። ደጋግሙት። ከዚያ ፋርማሲ የሚሸጠውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጥቂት ጠብ አድርጉበት። የቀረውን በረኪና ወደ ጨው፣ ውሃና ኦክስጅን ይለውጠዋል። ፐርኦክሳይዱም ቀለም ሊያሳሳ ስለሚችል መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሩት፤ በመጨረሻም በውሃ አለቅልቁት።

ኮምጣጤ ወይም ሎሚ አድርጉበት የሚላችሁ ሰው ይኖራል። እባካችሁ አታድርጉት። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው።

የቆየ ነጥብ ከሆነ የቀረው መንገድ ቀለም መመለስ ብቻ ነው። ትንሽ ከሆነ ተመሳሳይ ቀለም ያለው የማይለቅ ማርከር በነጥብ በነጥብ ይሸፍነዋል። ትልቅ ከሆነ የጨርቅ ቀለም ወይም አዲስ ልባስ ይፈልጋል። ቡናማ የእንጨት ዕቃ ላይ ያለ ትንሽ ነጥብ ግን የጫማ ቀለም በደንብ ይረዳዋል። በጨርቅ ቀብታችሁ ሲደርቅ ወልውሉት። የእናቴን ሶፋ እኔ በማርከር ነው ያዳንሁት፤ ቀረብ ብሎ ላላየው ሰው አይታወቅም።

ስታጸዱ ዓይን የሚያስለቅስና የሚያስል ሽታ

ይህ የጽዳት ሽታ አይደለም። ብዙ ጊዜ በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ አንድ ላይ ፈስሰዋል። ሌላም መንገድ አለ፤ ሕፃን የሸናበት ወለል ላይ በረኪና በቀጥታ ሲፈስ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ምንም ለመጥረግ ሳትሞክሩ ውጡ። በር ክፍት ይሁን። ልጆችን አስወጡ። ማሳሉ ወይም የትንፋሽ ማጠሩ ካልተወ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ለሌላ ጊዜ ሽንቱን አስቀድማችሁ በውሃ እጠቡ። አሲድና በረኪናን በአንድ ቀን አንድ ቦታ አትጠቀሙ። ልኩም ብዙ አያስፈልግም፤ 5 በመቶ ገደማ ለሆነ በረኪና በ1 ሊትር ውሃ 4 የሻይ ማንኪያ ይበቃል። የተበጠበጠው ኃይሉ ስለሚወርድ ለነገ አታስቀምጡት። በረኪናን በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥም ይቅር። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

በረኪና ሲነካው የባሰበት ቡናማ እድፍ

ዝገት ነው። የብረት በርሜል የተቀመጠበት ቦታ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ስር፣ የመታጠቢያ ሳህን ላይ ይወጣል። በረኪና ዝገትን አያነጣም። እንዲያውም ውሃው ውስጥ ያለውን ብረት ቶሎ ያዝገዋል። ስንደጋግመው እየጠቆረ የሚሄደው ለዚህ ነው።

መፍትሄው ሎሚና ጨው ነው። ቀድሞ በረኪና ከነካው ግን በደንብ አጥባችሁ እስከ ማግስቱ ጠብቁ። ከዚያ ጨው ነስንሱበት፤ ሎሚ ጨምቁበት፤ ግማሽ ሰዓት ተዉት፤ አሽታችሁ እጠቡት። ይህ ለሴራሚክ ነው። ሊሾና እብነ በረድ ላይ በፍጹም አይሆንም።

ሊሾ ላይ ብርሃኑ የጠፋ ቦታ

በጣት ዳብሱት። ሻከር ካለ እድፍ አይደለም፤ አሲድ የሲሚንቶውን ፊት በልቶታል። የተጨመቀ የሎሚ ቁራጭ ያደረበት ወለል እንኳ እንዲህ ይሆናል። ምንም ሳሙና አይመልሰውም። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እያረጠባችሁ አለስልሱት፤ ሲደርቅ የወለል ሰም ቀቡት።

ሊሾው ላይ ዘይት ከፈሰሰ ግን ሌላ ነው። ሲሚንቶ ይመጥጠዋል። ዱቄት ወይም የተነፋ አመድ ወፈር አድርጋችሁ ነስንሱበት፤ አሳድሩት፤ ጠዋት ጥረጉት። አንዴ ካልበቃው ድገሙት። መጨረሻ ላይ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡት።

የአልጫ ቢጫ

እርድ ፕላስቲክና ፎርማይካ ላይ ሲያርፍ ይጣበቃል። በሳሙና ስታሹት ወደ ቀይ ቢቀየር አትደንግጡ፤ እርድ ሳሙና ሲነካው እንዲያ ነው፤ ስታለቀልቁት ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። እርድን የሚያጠፋው ፀሐይ ነው። ሳህኑን አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። በጥቅምትና በኅዳር የጎንደር ፀሐይ አንድ ሁለት ቀን ካገኘው ይደበዝዛል። የማይነሳ ጠረጴዛ ከሆነ አልኮል የነካ ጥጥ ይሞከራል።

የቄጠማ አረንጓዴ

በዓል አልፎ ቄጠማው ሲነሳ ምንጣፉ ላይ አረንጓዴ ይቀራል። ውሃ ብቻውን ያሰፋዋል። የቅጠል ቀለም በአልኮል ይሟሟል። 70 በመቶ አልኮል ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ከዳር ወደ መሀል ምጠጡት፤ ከዚያ በሳሙና ውሃ። አልኮል በእሳት ቶሎ ስለሚያያዝ የቡናው ከሰል አጠገብ አይሁን።

ጀበና የተወው ነጭ ክብ

ማቶት ተረስቶ ትኩስ ጀበና በቀጥታ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይህ ይወጣል። ነጩ ቫርኒሹ ውስጥ የገባ እርጥበት ነው። ደረቅ የጥጥ ጨርቅ አንጥፉበት፤ እንፋሎት የሌለው ለብ ያለ ካውያ ለጥቂት ሰከንድ አሳርፉበት፤ አንሱና እዩት። እየቀነሰ ከሄደ ድገሙት። ክቡ ጥቁር ከሆነ ግን እርጥበቱ እንጨቱ ድረስ ገብቷል። ያን አናጺ ፍቆ እንደገና ቫርኒሽ ይቀባው።

የጧፍ ሰም ምንጣፍ ላይ

ትኩሱን አታሹት፤ ይስፋፋል። እስኪደርቅ ጠብቁና በማንኪያ ጀርባ ፍርፍር አድርጋችሁ አንሱት። ለቀረው ጽሑፍ የሌለው ወረቀት አልብሱበት፤ የጋዜጣ ቀለም ይጋባልና ጋዜጣ አይሁን። ካውያውን ዝቅተኛ ሙቀት ላይ አድርጉ። የንብ ሰም 62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ ብዙ ሙቀት አያስፈልገውም፤ ሲበዛበት ደግሞ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ይቀልጣል። ወረቀቱ ሰም በጠጣ ቁጥር በንጹህ ቀይሩት። ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ሲወጣ አልቋል።